ተበዳዩ ለምን ይውጣ?



ዛሬ በማኅበራዊ ሚዲያ በአካል ጉዳተኞች ላይ ስለሚደርሰው ጥቃት እናገራለሁ። ይዤ የቀረብኩት ሐሳብ አንድ ነው፤ ለተበዳዩ «ስልክህን ዝጋና ተገላገል» ብሎ መምከር በበደል ላይ በደል መጨመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር እግሮቹ እንደ ልብ የማይታዘዙለት፣ የሚጥል በሽታም ያለበት አንድ ትንሽ ልጅ፣ ለሕመሙ ተጠቂዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ የእግር ጉዞ ጀመረ። ጥረቱ በትዊተር ሲነገር ክፉዎች ብልጭ ድርግም የሚሉ ምስሎችን አዥጎደጎዱ። እንዲህ ያለ ብርሃን አንዳንድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ባሉበት ሊጥላቸው ይችላል። ምስሎቹ የተመረጡትም ለዚሁ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ይህን ድርጊት እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ድንጋጌው ዛሬም በልጁ ስም «የዛክ ሕግ» እየተባለ ይጠራል።

ቀደም ብሎ እዚያው አገር ኬቲ ፕራይስ የተባለች እናት፣ ዓይነ ስውርና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጇ በየጊዜው ሲዘለፍ አይታ አቤቱታ አቀረበች። ከ220 ሺህ በላይ ሰዎች ፈረሙላት። ጉዳዩን የመረመረው የፓርላማ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ባወጣው ሪፖርት፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ራሳቸውን በራሳቸው መቆጣጠራቸው ለአካል ጉዳተኞች እንዳልበጃቸው በግልጽ አስፍሯል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በገበያ ያለፈን ሰው ሳያስፈቅዱ ቀርፆ አረማመዱን ለሳቅ መልቀቅ፣ የሚንተባተብን ሰው አነጋገር በቀጥታ ስርጭት ላይ እየተቀባበሉ መኮረጅ፣ ጉዳቱን የእርግማን ውጤት አድርጎ መጻፍ፣ እርሱ ሳያውቅ በፎቶው መለመን፦ እነዚህን በየስልካችን አይተናል።

«ዝጋው» የምንለውስ ለማን ነው? ብዙው ሕንፃችን ደረጃ ብቻ ነው፤ ዊልቸር ያየ ታክሲም ብዙ ጊዜ አይቆምም። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ጋዜጣውን የሚያነብለት ድምፅ ያለው በስልኩ ውስጥ ነው። መስማት የተሳናት እህታችን ከዘመዶቿ ጋር በምልክት ቋንቋ የምታወጋው በቪዲዮ ጥሪ ነው። በእነርሱ ዘንድ ስልኩ መንገድ ነው፤ ዝጉት ስንላቸው የቀረችውን መንገድ በገዛ እጃቸው እንዲያጥሯት እያዘዝን ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን ኢንተርኔትን ጭምር ለእነርሱ ተደራሽ እንድታደርግ ያስገድዳታል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከብሔር፣ ከሃይማኖት፣ ከዘርና ከጾታ ጋር አካል ጉዳተኝነትን በስም ጠቅሷል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ንግግር እንዲያነሡ ይጠበቅባቸዋል። በአንድ ሰው ላይ ያነጣጠረ ተደጋጋሚ ማስፈራራትና ማስጨነቅ ደግሞ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

የጎደለው ሕጉን የሚያንቀሳቅስ እጅ ነው። ተበዳዩ ብቻውን እንዲሟገት መተው የለበትም። ማኅበራት ማስረጃ የሚሰበሰብበትን መንገድ ያስተምሩ፤ የጽሑፉ ስክሪንሾት፣ የአካውንቱ ስምና ቀኑ ተይዘው ይቀመጡ። ፖሊስ አቤቱታውን «የኢንተርኔት ወሬ ነው» ብሎ አይመልስ። ቅሬታ ማቅረቢያውም ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው የሚመች ይሁን።

ከሁሉ በፊት ግን የእኛ ድርሻ ይቀድማል። ዘላፊው አንድ ጊዜ ይጽፋል፤ ዘለፋውን አገር የሚያዳርሰው ስቆ ያጋራው ነው። ስለዚህ እማጸናችኋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ አታጋሩት፣ ለኩባንያው ጠቁሙ፣ የላከላችሁንም ወዳጅ ፊት ለፊት ገሥጹት። መውጣት ካለበት ይውጣ በዳዩ፤ ተበዳዩ በቦታው ይቆይ።