ስለ ቤጎኒያ አበባና ስለ አየር ርጥበት



በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ቤጎኒያ የሚባለውን የቤት አበባ ከቸልታ ይልቅ ደግነት ይገድለዋል። አበባው ክረምቱን ለምልሞ ከቆየ በኋላ በታኅሣሥና በጥር የቅጠሉ ዳር ቡናማ ሆኖ ይኮማተራል። ባለቤቱም ውሃ ጠማው ብሎ ጧትና ማታ ያጠጣዋል። በትምህርት ቤት የሆነ እንደ ሆነማ ሕፃናቱ በየተራ፥ አንዳንዱም ያለ ተራው እየቀዳ ሲያፈስ አፈሩ ጭቃ ይሆናል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥሩ በስብሶ ግንዱ ይወድቃል። ጥማቱስ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን የተጠማው ቅጠሉ ሲሆን የጠጣው ሥሩ ነው።

ስሙን ያወጣለት ሻርል ፕሉምዬ የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴና የዕፀዋት ዐዋቂ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ ደሴቶች ባገኘው ጊዜ ሚሼል ቤጎን ለተባለው ሹም መታሰቢያ አደረገው። ዛሬ ከ2,000 የሚበልጥ ዐይነት ይታወቃል። አብዛኛው በሞቃት አገር ደን ከትልልቅ ዛፍ ጥላ በታች የሚኖር ስለ ሆነ ሥሩ ቀጭንና ከአፈሩ ፊት የማይርቅ ነው። በደቡብ ጎንደር በየደብሩ ዙሪያ ተጠብቆ ወዳለው ደን በጥር ቀትር የገባ ሰው ይህ አበባ የሚሻውን አየር በገዛ ቆዳው ያውቀዋል። ከቅጥሩ ውጭ ያለው እርሻ አቧራ ሆኖ ሳለ ከዛፎቹ ሥር ቀዝቀዝና ረጠብ ይላል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በነሐሴ የታጠበ ነጠላ ውሎ አድሮም አይደርቅ፤ በጥር ግን ከቀትር በፊት ይታጠፋል። ነጠላውን ያደረቀው አየር ቅጠሉንም ያደርቀዋል። «በጥር ጧት ሣሩ ጤዛ ለብሶ ሳለ አየሩ እንዴት ደረቅ ይባላል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው መልካም ነው። በ10 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው 9 ግራም ያህል የውሃ እንፋሎት ነው፤ በ25 ዲግሪ ግን 23 ግራም ያህል ይችላል። እንግዲህ ጧት ሞልቶ የነበረው አየር ቀትር ላይ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ሲሞቅ ሊይዝ ከሚችለው ከመቶ 40 እጅ ብቻ ይዞ ይገኛል። ቤጎኒያ ደግሞ ከመቶ 50 እስከ 60 እጅ፥ ቅጠሉ ያጌጠውም ዐይነት ከዚያ በላይ ይወዳል። የጐደለውን አየሩ ከቅጠሉ ይወስዳል።

ስለዚህ ማሰሮው ከምድጃና ከቀትር ፀሐይ ይራቅ። አበባዎቹ ተቀራርበው ቢቀመጡ አንዱ የተነፈሰው ርጥበት ለሌላው ይተርፋል። በዝርግ ሳህን ጠጠርና ውሃ አድርጎ ማሰሮውን ከጠጠሩ ላይ ማስቀመጥም የተለመደ ነው፤ የሚጨምረው ርጥበት ግን ጥቂት ስለ ሆነ ብዙ ተስፋ አይጣልበት። የማሰሮው ታች ውሃውን ከነካ ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ላይ ውሃ መርጨት ክፉ ልማድ ነው፤ ጠብታው ሲያድርበት የቅጠል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ውሃ የሚጠጣው የላዩ አፈር በጣት ሲነካ ደርቆ እንደ ሆነ ብቻ፥ ያውም በጧት ነው። ማሰሮው ከታች ቀዳዳ ከሌለው ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

አስተማሪ ለልጆች ሊያሳይ ቢወድ ሰፊ ቅጠል ካለው ቤጎኒያ ደም ሥር ያለበትን ቁራጭ ቈርጦ፥ አሸዋ በተቀላቀለበት ርጥብ አፈር ላይ አስተኝቶ፥ በትንሽ ጠጠር ተጭኖ ብርጭቆ ይድፋበት። ቦታው ብርሃን ያለው ነገር ግን ፀሐይ የማይመታው ይሁን። በማግስቱ ብርጭቆው ከውስጥ ያልበዋል፤ ልጆቹም በአየር ውስጥ የነበረውን ውሃ በዐይናቸው ያዩታል። ላቡ እጅግ ሲበዛ ብርጭቆው ለጥቂት ጊዜ ይነሣለት። ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ ደም ሥሩ ከተቈረጠበት ስፍራ ከጥፍር የማይበልጥ ቅጠል ብቅ ይላል። ያን ቀን ብርጭቆው በአንድ ጊዜ አይወሰድ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተገለጠ ቡቃያው የደጋውን አየር ይልመድ።