የጋዝ መብራትና የዘፋኟ ፊት
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




ስለ ትራንስፎርመርና ስለ ኬብል፣ ስለ ጭነት ስሌትና ስለ መስመር ዝርጋታ ለመስማት ወደዚህ አዳራሽ ለሚመጣ ባልደረባ፣ የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሥዕል መሆኑ እንግዳ ነገር ሳይመስለው አይቀርም። ነገር ግን ሥዕሉ የሚናገረው ስለ መብራት ነው፤ መብራት ደግሞ የብዙዎቻችን እንጀራ ነው። እኛ መብራትን በዋትና በሉክስ እንለካለን። ሠዓሊው ግን የለካው መብራቱ በሰው ላይ በሚያደርገው ነገር ነው። ሁለቱ ልኬቶች ሳይገናኙ ሲቀሩ ምን እንደሚጎድል ለማሳየት እሞክራለሁ። በንግግሬ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሠዓሊው ኤድጋር ደጋ ይባላል። በ1834 በፓሪስ ተወልዶ በ1917 እዚያው ዐረፈ። ሥዕሉ «የሌዛምባሳደር ካፌ ኮንሰርት» የሚባለው ሲሆን፣ የተሠራው በ1876 እና በ1877 መካከል ነው፤ ዛሬ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ 37፣ ወርዱ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በየዕለቱ ጠረጴዛችን ላይ ከምንዘረጋው ኤ3 የንድፍ ወረቀት ያንሳል። ደጋ በ1877 ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓሊያን በፓሪስ ባዘጋጁት ሦስተኛ ትርኢት ላይ የካፌ ኮንሰርት ሥዕሎቹን አቅርቧል። እርሱ ራሱ ግን በዚህ ስም መጠራትን አይወድም ነበር። ጓደኞቹ ሸራቸውን ተሸክመው የቀን ብርሃን ፍለጋ ወደ ሜዳና ወደ ወንዝ ዳር ሲወጡ፣ እርሱ ወደ ቴአትር ቤትና ወደ ሙዚቃ ቤት ገባ፤ የሚያጠናው ብርሃን ሰው ሠራሽ ብርሃን ነበርና።

ካፌ ኮንሰርት ማለት ሰው መጠጡን ይዞ ተቀምጦ ዘፈን የሚሰማበት ቤት ነው። ሌዛምባሳደር የሚገኘው ሻንዜሊዜ በተባለው ታላቅ ጎዳና አጠገብ፣ በዛፎች መካከል ነበር፤ በአውሮፓ የሙቀት ወራትም ዝግጅቱ ምሽት ላይ ከቤት ውጭ ይካሄድ ነበር። የዘፈኖቹ ግጥሞች አስቀድመው በመንግሥት ሳንሱር ይመረመሩ ነበር። ድምፅ ማጉያ በሌለበት በዚያ ዘመን ዘፋኟ የሰውን ጫጫታና የብርጭቆውን ኳኳታ የምታሸንፈው በጉሮሮዋ፣ በክንዷና በፊቷ ነበር። ደጋ ቴሬዛ በሚል የመድረክ ስም የታወቀችውን ኤማ ቫላዶንን «የውሻው ዘፈን» በተባለ ሌላ ሥዕሉ ላይ ሲያሳያት፣ ሁለት እጆቿን እንደ ውሻ መዳፍ አንጠልጥላ ነው። ሠዓሊው በእነዚህ ሴቶች ላይ ያየው ከውበታቸው ይልቅ ሥራቸውን ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሊዮኑ ሥዕል እንመለስ። ደጋ ተመልካቹን ያስቀመጠው ከሕዝቡ መካከል ነው። በቅርብ የሚታዩት በጨለማ ውስጥ ያሉ ጀርባዎችና ባርኔጣዎች ናቸው። ከእነርሱ ቀጥሎ ሙዚቀኞቹ ተቀምጠዋል፤ ኮንትራባስ የተባለው ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ የአንገቱን ጥምዝ ጫፍ ከጨለማው አውጥቶ በመድረኩ ብርሃን ላይ ጥቁር ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ዘፋኝ ወደ ሕዝቡ ዘንበል ብላ ክንዷን ዘርግታለች። ከኋላዋ፣ እንደ ጊዜው ልማድ፣ ሌሎች ሴቶች ለመድረኩ ጌጥ እንዲሆኑ ተቀምጠዋል። የመብራቶቹ ክብ ግሎቦችም እዚያና እዚህ ነጭ ሆነው ይታያሉ።

መሐንዲስ ይህን ሥዕል ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ነው። መልሱ፦ ከታች። በመድረኩ ጠርዝ ላይ በረድፍ የተተከሉት መብራቶች ዘፋኟን የሚያገኟት ከእግሯ በኩል ነው። ፀሐይ ግንባርን ታበራለች፤ ከአገጭ በታች ያለውን ታጨልማለች። የመድረክ ጠርዝ መብራት ግን ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ አገጩና የአፍንጫው ሥር ይበራሉ፣ ዓይንና ግንባር ወደ ጥላ ይገባሉ። ከዚህም ጋር ሁላችንም የምናውቀው ሕግ አለ። ከአንዲት ነጠላ መብራት የሚመጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ መብራቶቹ በረድፍ ሲተከሉ ቅናሹ ዝግ ይላል እንጂ አይቀርም። ስለዚህ የቀሚሱ ጠርዝ ከፊቷ ይልቅ ብዙ ብርሃን ይቀበላል፤ እርሷም ፊቷን ለማሳየት ወደ መብራቱ መዘንበል ይኖርባታል።

መብራቱ በዚያን ጊዜ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ጋዝ ነበር። ነበልባሉ የሚያበራው በውስጡ ያሉት የጥላሸት ቅንጣቶች ግለው ስለሚፍሙ ነው፤ ብርሃኑም ብጫ ነው። ኤሌክትሪክ ገና ደጅ ላይ ነበር፤ ያብሎችኮቭ የተባለው የሩሲያ መሐንዲስ የፈለሰፈው የካርቦን ሻማ የፓሪስን የኦፔራ ጎዳና ያበራው በ1878 ነው፤ የኤዲሰን አምፑል ደግሞ በ1879 መጣ። እንግዲህ ደጋ የሣለው የአንድን ቴክኒክ የመጨረሻ ዓመታት ነው።

ያ ቴክኒክ ደግሞ ዋጋ ያስከፍል ነበር። በ1862 የፓሪስ ኦፔራ ወጣት ዳንሰኛ ኤማ ሊቭሪ ልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷ በጋዝ መብራት ተያያዘ፤ ከወራት ሥቃይ በኋላ በ1863 ሞተች። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ይህ ነው፦ ጨርቅን እሳት እንዳይዘው የሚያደርግ ዘዴ በጊዜው ነበረ። ዳንሰኞቹ ያልተቀበሉት ጨርቁን ስለሚያደርቀውና መልኩን ስለሚያበላሸው ነው፤ ሊቭሪም ተራውን ቀሚስ መርጣ ነበር። መፍትሔው በኬሚስቱ ጠረጴዛ ላይ ትክክል ነበር፤ በዳንሰኛዋ ሥራ ላይ ግን አልተስማማም። ነበልባሉን በራሱ ከመከለል ይልቅ አደጋው በለባሿ ቀሚስ ላይ ተጣለ። ይህ የቴአትር ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የጥንቃቄ መሣሪያ ሰጥተን «ሠራተኛው አይለብሰውም» እያልን የምናማርር ሁላችን ልናስብበት ይገባል።

ስለ ሥዕሉ አሠራር ጥቂት ልጨምር፤ ለእኛ ሙያ ከሁሉ የቀረበው ይህ ነውና። ከሥር ያለው ሞኖታይፕ የሚባል የአንድ ጊዜ ኅትመት ነው። ሠዓሊው ጥቁር የማተሚያ ቀለም በብረት ሰሌዳ ላይ ይቀባል፤ በጨርቅ፣ በብሩሽና በጣቱ ብርሃን የሚያስፈልገውን ቦታ ይጠርጋል፤ ከዚያ እርጥብ ወረቀት አድርጎ በመጭመቂያ ያትመዋል። ከሰሌዳው አንድ ደማቅ ኅትመት ይወጣል፤ ሁለተኛው የደበዘዘ ይሆናል። ደጋ ይህን ደብዛዛ ኅትመት አይጥለውም ነበር፤ ብዙ ጊዜ የፓስቴል ሥዕል መሠረት ያደርገዋል። በሕይወቱ ከ300 የሚበልጡ ሞኖታይፖች ሠርቷል። ፓስቴል ደግሞ የቀለም ዱቄት በጥቂት ሙጫ ታሽቶ የደረቀ እንጨት ነው። ቅንጣቶቹ በዘይት ስላልተሸፈኑ ብርሃንን ወደየአቅጣጫው ይበትናሉ፤ ስለዚህም ቀለሙ ሳያንጸባርቅ ይፈካል።

እንግዲህ አሠራሩና ጉዳዩ አንድ መሆናቸውን ተመልከቱ። መጀመሪያ ጨለማ ይጣላል፤ በጨለማው ላይ ብርሃን በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። የምሽት መድረክም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ከዚህ ጀርባ ችግርም ነበረበት። የደጋ አባት በ1874 ሲሞት የባንክ ሥራው በዕዳ ተይዞ ተገኘ፤ የወንድሙም ዕዳ ተጨመረበት። ያለ ሐሳብ ይኖር የነበረው ሰው በእጁ ሥራ ማደር ግድ ሆነበት፤ ፓስቴልም እንደ ዘይት ቀለም እስኪደርቅ አያስጠብቅም። ያን ደብዛዛ ኅትመት ያልጣለው ጥበብም ችግርም አስተምረውት ይመስለኛል።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚተርፈው ምንድር ነው? የአዳራሽ መብራት ስንነድፍ ልማዳችን የጠረጴዛውን ወለል ማስላት ነው። ለጽሕፈት ሥራ 500 ሉክስ እንላለን፤ በጠረጴዛው ላይ ልኬቱ ከተገኘ ሥራው ተጠናቀቀ እንላለን። የሰው ፊት ግን አግድም አይተኛም፤ ቆሞ ነው የሚታየው። አስተማሪው፣ ዳኛው፣ ዘማሪው፣ በሆስፒታል መስኮት በኩል የሚጠይቀው ሕመምተኛ፣ ሁሉም የሚነበቡት በፊታቸው ነው። በፊት ላይ የሚወድቀውን ብርሃን ያልለካ ንድፍ፣ ስሌቱ ምንም ቢያምር፣ ግማሽ ንድፍ ነው። ማን እንዲታይ፣ ማን በጨለማ እንዲቀመጥ፣ ሙቀቱና አደጋው በማን ላይ እንዲወድቅ መብራት የሚተክል ሰው ይወስናል፤ አስቦበት ካልወሰነም ሳያስብ ወስኖታል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናገርና ላብቃ። በወረቀት ላይ የተሠሩ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በብርሃን ብዛት ስለሚጎዱ፣ ሙዚየሞች የሚያሳዩዋቸው በ50 ሉክስ አካባቢ ነው፤ ይኸውም ለጽሕፈት ጠረጴዛ ከምንሰጠው አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ቀለሙ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ የደበዘዘውንም መመለስ አይቻልም። ስለ መብራት ከተሠሩት ድንቅ ሥዕሎች አንዱ በሕይወት የሚኖረው መብራቱ በልክ ሲሆንለት ነው። ልክን ማወቅ ደግሞ የመሐንዲስ የመጀመሪያ ግዴታው ነው።