ሊማሊሞ ላይ ያደርንበት ሌሊት
(በማኅበራችን የመገናኘት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አስተባባሪዎቹ «ከጦር ሜዳ ትዝታህ አንድ ነገር ንገረን» ቢሉኝም፣ የምነግራችሁ የጥይት ወሬ አይደለም። በእረፍት ፈቃድ ላይ ሳለሁ የሆነ ነገር ነው። ደረሰብኝ አልልም፤ እኔው ነኝ ያመጣሁት።

ከዚህ ግቢ በጤና መኮንንነት ተመርቀን ብዙም ሳንቆይ፣ በግንቦት 1990 ጦርነቱ ተጀመረ። እኔም ሽሬ ግንባር ተመደብኩ። በነሐሴ 1991 የአሥር ቀን ፈቃድ አገኘሁ። እናቴ ጎንደር ናት፤ ከዓመት በላይ አላየኋትም። ለቡሄ ሙልሙል ጋግራ እንደምትጠብቀኝ ልካብኛለች።

ነሐሴ 12 ማለዳ ከሽሬ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። ጋቢና ውስጥ ሹፌሩ፣ ረዳቱና እኔ ነን። ተከዜን ተሻግረን፣ ማይጸብሪንና አዲአርቃይን አልፈን፣ ጭቃ ስንገፋ ውለን ዛሪማ ላይ መሸብን። ሹፌሩ ሞተር አጠፋና፣ «ዶክተር፣ ሊማሊሞ በዚህ ጉም አይወጣም። እዚሁ እንደር» አለኝ።

ሊማሊሞን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጣሊያን ከገደሉ ላይ የጠረበው፣ ጥምዝምዙ የማያልቅ ዳገት ነው። እኔ ግን የምቆጥረው ቀን ነበር። «ጋሼ፣ ነገ ቡሄ ነው እኮ!» ብዬ ለመንኩት። ሲያመነታ ሃምሳ ብር አወጣሁ። ሄድን።

እኩሌታውን እንደወጣን፣ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ጠፋ። መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር። ረዳቱ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ታኮውን ይዞ ዘሎ ወረደ። መኪናው ቆመ፤ ግን የልጁን እግር ረግጦ ነው።

ሸሚዜን ቀድጄ ደሙን አሰርኩ፤ ጣውላ ፈልጌ አጥንቱን ደገፍኩ። ካፖርቴን አለበስኩት። ሌሊቱን ሙሉ የእግሩን ጣት ቆንጠጥ እያደረግሁ «ይሰማሃል?» እላለሁ። «ይሰማኛል» ሲለኝ እግዜርን አመሰግናለሁ። ሲነጋ አንድ የጦር ኦራል ደርሶ ደባርቅ አወጣን፤ ከዚያ ጎንደር ሆስፒታል ገባ። እግሩ ተረፈ፤ አረማመዱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ፈቃዴ እዚያው አልጋው አጠገብ አለቀ። እናቴ ሙልሙሉን ይዛ መጥታ ለእሱ ሰጠችው። «ልጄ ባይኖር ኖሮ ይሄ ልጅ አልቆለት ነበር» አለች። ሹፌሩ አየት አደረገኝና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ግንባር ላይ እንኳን ያለ ትእዛዝ አንድ እርምጃ የማልራመድ ሰው፣ የፈቃድ ወረቀት ስይዝ አደጋው ሁሉ ሽሬ የቀረ መስሎኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ልጁን ደባርቅ ሱቅ ከፍቶ አገኘሁት። ሻይ ጋበዘኝ። እንደምንም ብዬ የሃምሳ ብሯን ነገር አነሳሁበት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ። «ጋቢና ውስጥ ነበርኩ እኮ።»

ይህንን ለእናንተ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።