በሟች ወንድማችን ስም የተሮጠው የደርባን መንገድ
(በየቲሞች ድጋፍ መርሐ ግብር ላይ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዚህ መድረክ እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ ያመነታነው፣ ሰው ስለ ሠራው ሥራ ማውራቱ ለሪያእ በር እንደሚከፍት ስለምናውቅ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘባችሁን በእኛ እጅ ያሳለፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረና እንዴት እንዳለቀ፣ ያልተሳካው ጭምር፣ ሊነገራችሁ ይገባል።

እኛ ሦስት ነን፤ በጆሃንስበርግ ከተማ በንግድ የምንተዳደር። ከሦስታችን አንዱ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ሟቹ ከስልጤ ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ፣ እንደ ብዙዎቻችን ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ በየሎኬሽኑ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በመሸጥ ጀመረ። በኋላም ድሮ ጄፒ ይባል በነበረውና ዛሬ በታጋይዋ በራሂማ ሙሳ ስም በሚጠራው ጎዳና ላይ አነስተኛ ሱቅ ከፈተ። ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ወራቤ ላይ እንደተወ በድንገተኛ ሕመም ወደ አኺራ ሄደ። አላህ ይዘንለት።

እርሱ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሰኔ፣ ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥበት አንድ እሑድ ነበረው። በፒተርማሪትዝበርግና በደርባን መካከል የሚካሄደው የኮምሬድስ ሩጫ ቀኑን ሙሉ በቀጥታ ይተላለፋል። ርዝመቱ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ሲሆን የተፈቀደው ጊዜ 12 ሰዓት ነው። ወንድማችን የአሸናፊዎቹን ነገር ብዙም አይከታተልም ነበር፤ የሚጠብቀው የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ነው። አንድ ሰው ለሯጮቹ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆምና ሰዓቱ ሲሞላ ሽጉጥ ይተኩሳል፤ መስመሩን ለማለፍ አንድ እርምጃ የቀረው ሯጭ እንኳ ሜዳሊያ አያገኝም። «አንድ ቀን እሮጠዋለሁ» ይለን ነበር፤ እኛም እንስቅበት ነበር።

ለመመዝገብ ስንነሣ የተረዳነው፣ ሩጫው ከመነሻውም የሙታን መታሰቢያ መሆኑን ነው። ቪክ ክላፋም የተባለ የባቡር ነጂ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የምሥራቅ አፍሪካ ግንባር ተመልሶ፣ ለወደቁ ጓዶቹ ሐውልት ሳይሆን ድካምን የሚያስታውስ ሩጫ ይሁንላቸው ብሎ ጠየቀ። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በጣም ከባድ ነው ብሎ ደጋግሞ ከከለከለው በኋላ በ1921 እ.ኤ.አ. ፈቀደለት። በዚያ ዓመት 34 ሰዎች ተነሡ፤ የጨረሱት 16 ብቻ ነበሩ። ጥቁሮችና ሴቶች በይፋ የተፈቀደላቸው ግን በ1975 መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ሐሳባችንን ለጀመዓችን ስናቀርብ አንድ የምናከብራቸው አባት ተቃወሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእግሩ ሊሄድ ተስሎ በሁለት ልጆቹ ተደግፎ የሚጎተት ሽማግሌ ባዩ ጊዜ፣ አላህ የዚህን ሰው ራሱን ማሠቃየት እንደማይፈልግ ተናግረው እንዲጋልብ ማዘዛቸውን አስታወሱን። «ለየቲም መስጠት ከፈለጋችሁ ከኪሳችሁ አውጡና ስጡ፤ ጉልበታችሁን መስበር ለሟቹ ምን ይጠቅመዋል?» አሉን። ይህ ቃል ለሳምንታት አላስተኛንም።

በመጨረሻ የደረስንበት ይህ ነው። ሩጫው ዒባዳ አይደለም፤ አልተሳልንበትም። ለሟች የሚደርሰው ሰደቃው ነው። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ እናቱ በሞተች ጊዜ፣ ስለ እርሷ ቢመጸውት ይጠቅማት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቆ «አዎን» የሚል መልስ ሲያገኝ፣ የተምር አትክልቱን ስለ እርሷ ሰደቃ አድርጎታል። ሩጫው ሰውን የምንጠራበት ድምፅ ብቻ ነው። የመመዝገቢያውን፣ የጫማውንና የጉዞውን ወጪ ከየኪሳችን ልንሸፍን፣ ከተሰበሰበው ላይ አንዲት ሳንቲም ላንነካ ተስማማን። አባታችንም ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ማግስቱን ግን በኪሎ ሜትር ለመክፈል ከሁሉ በፊት ስማቸውን ያስጻፉት እርሳቸው ሆኑ።

ልምምዱ ከረመዷን ጋር ገጠመ። ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ከንፈራችን ደርቆ ስንሮጥ የሎኬሽኑ ልጆች ይስቁብን ነበር። ለዚህ ሩጫ ብቁ ለመሆን ማራቶን ከ4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ በታች መጨረስ ግዴታ ነው፤ ታናሽየው ይህን በሁለተኛ ሙከራው በጭንቅ አለፈ።

ውድድሩ የተካሄደው ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተሽሪቅ ቀናት ውስጥ ነበር። የፈጅርን ሶላት መነሻው አጠገብ ላስቲክ ዘርግተን በጨለማ ሰገድን። የዚያ ዓመት አቅጣጫ ወደ ባሕሩ ቁልቁል ነው፤ ቁልቁለት ግን ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ኢንቻንጋ የሚባለውን ዳገት ወጥተን ግማሹን እንዳለፍን የታናሽየው ጉልበት አበጠ። ዙህር ሲገባ በየጣቢያው በሚታደለው የላስቲክ ውኃ ውዱእ አድርገን፣ መንገደኞች ነንና ዙህርና ዐሥርን አሳጥረንና አገናኝተን ሰገድን። ከዚያ በኋላ ቦታስ ሂል ላይ «ሂዱ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍባችሁ» አለን። እንቢ አልን። «የወንድሜን ልጆች አደራ ልታጎድሉ ነው?» ብሎ ተቆጣን። ትተነው ሄድን፤ ይህን ስንናገር ዛሬም ይከብደናል።

እርሱ ቀጣዩ የሰዓት ገደብ ጣቢያ ላይ በአራት ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ፤ ሩጫው 60 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ በአውቶቡስ ተጭኖ ደርባን ገባ። እኛ ሁለታችን 12 ሰዓቱ ሊሞላ 11 ደቂቃ ሲቀረው ጨረስን። አጥር ሥር ተቀምጦ ሲጠብቀን አገኘነው። ማንም የጠየቀው ሳይኖር «ለሶላት ስለቆምንበት ጊዜ አንዳችሁም አታንሡብኝ» አለን። አላነሣንም።

ከዚያ የገንዘቡ ጥያቄ መጣ። በኪሎ ሜትር ቃል የገባችሁ ሰዎች የሰጣችሁት ቃል ለሦስት ሯጮች ነበር። ያልተሮጠውን መንገድ ተሮጠ ብለን የመቀበል መብት የለንምና፣ ለእያንዳንዱ ለጋሽ የቀረውን ኪሎ ሜትር ቀንሰን ጻፍንለት። አብዛኞቹ የተቀነሰውን መልሰው ላኩ። አንዳንዶች በጻፍንላቸው ልክ ከፈሉ፤ እነርሱም ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ቅሬታ የለንም። በሃሜት ስማቸው እንዲነሣም አንፈልግም።

ወራቤ በሄድን ጊዜ ሦስት ልጆች፣ ሁለት ሜዳሊያ ሆነብን። ታናሽየው ደረቱ ላይ የለጠፈውን፣ በላብ የተጨማደደውን የቁጥር ወረቀት ለትንሿ ሰጣት። ታላላቆቿ ሜዳሊያቸውን ሊለውጧት ቢለምኑ እንቢ አለች፤ በእንቅልፏም ይዛው እንደምታድር እናቷ ነገረችን።

የልጆቹ የትምህርት ቤትና የቤት ኪራይ ክፍያ በማኅበሩ መዝገብ ላይ በየወሩ ይሰፍራል፤ ማንኛውም ለጋሽ ሊመለከተው ይችላል። ቃል ገብታችሁ ገና ያልከፈላችሁ ካላችሁ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ከዐሥር ሶላት በኋላ ደረሰኝ ይዞ በሩ አጠገብ ይቀመጣል።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።