ወረቀታችን እንደገና ሲጀመር
(በአቲቆት በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እኔ ንግግር አልችልም፤ የጻፍኩትን ነው የማነብላችሁ።

ብዙዎቻችሁ ያችን አንድ ገጽ ወረቀት ታስታውሷታላችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በየሁለት ሳምንቱ አዘጋጅቼ፣ ማትናስ ውስጥ 20 ቅጂ አባዝቼ፣ በየሕንፃው መግቢያና በጸሎት ቤቱ በር እለጥፋት ነበር። ከኢሪያው፣ ከኩፓት ሆሊም፣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ የሚመጣውን ማስታወቂያ በአማርኛ ትናገራለች። እቤታችን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ቀስ በቀስ ጎረቤቱም ይዞ መምጣት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ሲመጡ 40 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ዛሬ ከ70 በላይ ናቸው። ገበያ ላይ ዕብራይስጥ ይናገራሉ፤ የቢሮ ደብዳቤ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወረቀቷ ለምን እንደቆመች ለብዙ ሰው አልተናገርኩም። ዛሬ ልናገር።

አንድ ጊዜ ስለ ደም ምርመራ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተረጎምኩ። ዕብራይስጡ “8:00፣ በጾም” ይላል። እኔ “ስምንት ሰዓት፣ ምንም ሳይበሉ” ብዬ ጻፍኩ። አንዲት እናት (ተናገሪው ብለው ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውን ግን አልጠራም) ወረቀቷን አምነው በእኛ ስምንት ሰዓት ሄዱ። ከቀትር በኋላ መሆኑ ነው። ስኳር አለባቸው። ከማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ፣ በዚያ ፀሐይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ወደቁ። ሰው ደርሶ አነሳቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ልጠይቃቸው ስሄድ አልተቆጡኝም። “አንቺ ልጅ፣ ስምንት ሰዓት ብለሽ አልነበር እንዴ?” ብቻ ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድም ወረቀት አላወጣሁም። ሸሩት ሌኡሚ ልገባ ነው፣ ጊዜ የለኝም እያልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ሰበብ ሰጠሁ።

ባለፈው ዓመት ለትምህርቴ ስለ አማርኛ ጋዜጦች አነብ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንድርያስ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ ጋዜጣ ጀመረ፤ “አእምሮ” የሚለውን ስም ያወጡለት ንጉሡ ናቸው ይባላል። መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ነበር የሚወጣው። ሃያ አራት! በእኔ 20 ቅጂ ሳፍር ነው የኖርኩት። “አእምሮ” መሀል ላይ ቆሟል፣ ደግሞ ተጀምሯል፣ በኋላም በማተሚያ ታትሟል። በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ሲወጣ አገሩ የራሱ ማተሚያ ቤት፣ አንባቢም ነበረው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ሄጄ ለማኅበሩ ልጆች፦ “እንደገና እንጀምር፣ አሁን ግን ብቻዬን አልሠራም” ያልኳቸው።

አሁን ሦስት ነን። አንዱ ይተረጉማል፣ ሌላው ከዕብራይስጡ ጋር ያስተያያል፣ ከዚያ ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችል አንድ ትልቅ ሰው ያነበዋል። የገባውን መልሶ ይነግረናል። ሰዓት ስንጽፍ “ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ስልካችሁ 8:00 ሲል” እንላለን። “አምስተኛው ወር” ያልናቸው አንድ አባት ጥር መስሏቸዋል፤ ከመስከረም ከቆጠሩ ልክ ናቸው። ስለዚህ ሜይ ብለን የሳምንቱን ቀን እንጨምራለን። ስሕተት ከተገኘ እርማቱ በሚቀጥለው ወረቀት አናት ላይ ይወጣል፣ የሠራውም ሰው ስም ከሥሩ ይጻፋል። የሰው የግል ደብዳቤ አንለጥፍም። ፊደል ላልቆጠሩት በድምፅ ቀርጸን በዋትስአፕ እንልካለን።

ቋንቋውንም ቀይሬዋለሁ። ድሮ ንጹሕ አማርኛ ልጻፍ ብዬ “ብሔራዊ የመድን ድርጅት” እል ነበር። እናቴ አንብባ “ይሄ ደግሞ ምን መሥሪያ ቤት ነው?” አለችኝ። ቢቱዋህ ሌኡሚ ስላት ሳቀች። ቀጠሮንም ሰው ሁሉ “ቶር” ነው የሚለው፤ እኛም ቶር እንላለን። አንዳንዶቻችሁ አማርኛው ተበላሸ ትሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ሰው ቶሩ እንዳያልፈው ነው የምፈልገው።

የመጀመሪያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ስትወጡ ውሰዱ። ከመታተሙ በፊት ያነበቡልን እኚያው እናት ናቸው። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው “ፊደሉ ጉንዳን ነው፣ አሳድጊው” አሉኝ። አሳደግነው፤ አንድ ገጽ የነበረው ሁለት ገጽ ሆኗል።