በእንጦጦ ሰማይ ላይ የጎደለው ሒሳብ



በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ነገር ግን ደመና በሌለበት የኅዳር ሌሊት ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው፣ አንድሮሜዳ የተባለችው የከዋክብት ጭፍራ ያለ መሣሪያም እንደ ስስ ጭጋግ ሆና ትታየዋለች። ስሟ የተወሰደው በጥንት ግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ከተባለችው ልዕልት መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ ላስታውሳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1970 ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ የዚህችን ጭፍራ አዟዟር ለክተው ውጤቱን አሳተሙ። ይህና ከዚያ በኋላ የተደረገው ልኬት እንዳስረዳው፣ በጭፍሮች ጠርዝ ላይ ያሉት አካላት የሚታየው ነገር በስበቱ ሊይዛቸው ከሚችለው በላይ ይሮጣሉ። ስለዚህ አብዛኞቹ ሊቃውንት የማይታይ ነገር ይዟቸዋል ይላሉ፤ በጠቅላላው ዓለም መጠኑ ከሚታየው አምስት እጥፍ ያህል ነው።

ይህ ነገር ምንድር ነው? ሱፐርሲሜትሪ የሚባለው ሐሳብ፣ የታወቀች እያንዳንዷ ረቂቅ ቅንጣት ገና ያልታየች ጓደኛ አለቻት ይላል። ከጓደኞቹ ሁሉ ቀላሏ ብርሃን የማትሰጥና የማትፈርስ ከሆነች፣ የተሰወረው ነገር እርሷ ልትሆን ትችላለች።

በጄኔቭ አጠገብ የሰርን ድርጅት 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው የምድር ውስጥ ቀለበት ፕሮቶኖችን እያጋጨ ይፈልጋታል። አፈላለጉ የገንዘብ ያዥን ሥራ ይመስላል፤ ከግጭቱ የወጣው ሁሉ ግራና ቀኝ ተመዝኖ ካልገጠመ፣ ሳይመዘገብ ያመለጠ አለ ማለት ነው። ኒውትሪኖ የምትባለው የታወቀች ቅንጣትም እንዲሁ ታመልጣለችና፣ ጉድለት ተገኘ ተብሎ ወዲያው እልል አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የሂግስ ቅንጣት በዚያ ተገኘች፤ የሱፐርሲሜትሪ ጓደኞች ግን እስከ ዛሬ አንዲቱም አልታየችም። እኔ ይህን ከንቱ ድካም አልለውም። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው፣ ፋይሉ በዚህ ቁም ሣጥን እንደሌለ በእርግጥ ማወቅ ስንት ቀን እንደሚያተርፍ ያውቃል።

የሚቀረው ቁም ሣጥን ግን ውድ ነው። ከባድ ቅንጣት ለመውለድ የበለጠ ኀይል ያስፈልጋልና፣ ሰርን 91 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ ያለው ቀለበት አቅዷል፤ በእኛ አገር ቢቆፈር አንዱ ጠርዙ ከየካ ተራራ ሥር፣ ሌላው ዱከም አካባቢ በደረሰ ነበር። ለመጀመሪያው ደረጃ ብቻ 15 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ተገምቷል፤ ፕሮቶኖችን በብርቱ ኀይል የሚያጋጨው ግን ሁለተኛው ደረጃ ነው። ቅንጣቲቱ ትገኛለች ብሎ ዋስ የሚሆን ሊቅ የለም። እንግዲህ ከፋዮቹ መንግሥታት ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ፣ «የለችም» ለሚል መልስም ይህን ያህል ገንዘብ እናወጣለን ወይ የሚለው ነው።