የቆሞሱ ሸክምና የምእመናን ትከሻ

በቁምስናው የኢዮቤልዩ በዓል ለምእመናን የተነገረ ቃል



የኢዮቤልዩ በዓል የምስጋና ቀን እንደ ኾነ ኹሉ የምርመራም ቀን ነው። ምስጋናው ስላለፈው ነው፤ ምርመራው ግን ስለሚመጣው ነው። በየካ፥ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለች ትንሽ ካቶሊካዊት ቁምስና በዚህ ቀን ልትመረምረው የሚገባት ነገር የአንድ ካህን ሸክም ነው።

የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ቍጥራቸው ጥቂት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ምእመናን ጥቂት ሲኾኑ የካህኑ ሥራ የሚቀል ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ጥቂት ሰዎች በሰፊ ከተማ ሲበተኑ የካህኑ መንገድ ይረዝማል። ቀድሞ ጎን ለጎን ይኖሩ ከነበሩት ቤተ ሰቦች አንዳንዶቹ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ደርሷቸው ወደ አያትና ወደ የካ አባዶ ሄደዋል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የከተማው ባቡር ከመገናኛ እስከ አያት ቢያደርስም፥ ከሐዲዱ ወዲያ ያለው መንገድ በታክሲና በእግር የሚፈጸም ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለው ዳገትም በክረምት ጭቃ ነው።

ቆሞሱ ግን አንድ ናቸው። ማለዳ ይቀድሳሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ የመምህራኑን ደመወዝ ይፈርማሉ፤ ስለ ቦታው ካርታ በወረዳ ደጅ ተራ ይጠብቃሉ፤ የቆርቆሮ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ የተጣሉትን ያስታርቃሉ፤ ማታ መዝገብ ይጽፋሉ። በወረዳ ደጅ የጠፋው ሰዓት፥ አንድ በሽተኛ ሳይሞት ምስጢረ ቀንዲልን ሊቀበልበት ይችል የነበረው ሰዓት ሊኾን ይችላል። የጉዳዩ ክብደት በዚህ ይታወቃል።

ስለዚህ ሥራውን በኹለት ወገን መለየት ይገባል። ንስሐ ማናዘዝ፥ መቀደስ፥ በሽተኛውን መቀባት የካህን ብቻ ነው፤ ምእመን ሊያግዘው አይችልም። ሒሳብ መያዝ፥ ጣራ ማሳደስ፥ ድኾችን መጐብኘት፥ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ግን ክህነትን አይሻም። በ1983 ዓ.ም. የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቁምስና ውስጥ ስለ ሐዋርያዊ ሥራና ስለ ንብረት የሚመክሩ ጉባኤዎች እንዲኖሩ ያዝዛል።

ይህ ዐሳብ አዲስ አይደለም። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር፥ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችኹና ሸክሙን አካፍል ብሎ መክሮታል። አቡነ ያዕቆብ የተባለው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1832 ዓ.ም. ዐድዋ ከገባ በኋላ፥ በጓላ ዘርዐ ክህነት አቁሞ የአገሩን ልጆች ለሥራው አዘጋጀ። አቡነ ማስያስም በ1860 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥተው፥ ከእንጦጦ በታች በፊንፊኔ ሥራ ጀምረው ነበር፤ በ1872 ዓ.ም. ግን በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። እረኛ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ ይታያል፤ ጸንቶ የሚቀረው መንጋው የተማረውና የለመደው ሥራ ነው።

አንዳንዱ ምእመን፥ ሥራው የካህኑ ነው ይላል። አንዳንዱም ካህን፥ የገንዘብ ሐሜት እንዳይመጣ በመሥጋት ቍልፉን ለሌላ መስጠት ይፈራል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ግን ሥራውን ኹሉ ለብቻ መያዝ ሳይኾን፥ ኹለት ሰዎች የሚፈርሙበት መዝገብና በየሦስት ወሩ በምእመናን ፊት የሚነበብ ሒሳብ ነው።

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ማገዶ ተሸክመው ይወርዱ የነበሩት እናቶች ይህን ትምህርት ያውቁታል። ጭነቱ ከብዶ ብቻዋን መነሣት ያቃታትን ባልንጀራዋ ታሸክማታለች፤ ከዚያ በኋላ ዳገቱንና ቍልቍለቱን ራሷ ትችለዋለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው መባሉም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለኢዮቤልዩው መታሰቢያ የሚኾን ስጦታ የሚያስብ ኹሉ ከሐውልት ይልቅ ጊዜውን ይስጥ። ሒሳብ ዐዋቂው በወር አንድ ምሽት፥ መምህሩ የእሑድን አንድ ሰዓት፥ ጐልማሳው ወደ ወረዳ የሚሄድበትን አንድ ጧት ያበርክት። ያን ጊዜ ቆሞሱ በሽተኛው ሳይሞት ይደርሳሉ፤ ቁምስናይቱም ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በደኅና ትደርሳለች።

እግዚአብሔር ለካህናቱ ጕልበትን፥ ለምእመናኑም የማገዝ ልብን ይስጥ። አሜን።